ሰማንያ ባር

ሲት ነዚሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት በደም ተለውሳ ነበር። ደሙ የእሷ አልነበረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት፣ ጥር ወር። ከኢራቋ ባስራ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ያለው የኃይል ማመንጫችን ገና አልተመረቀም። እኔ የቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያው፣ አዲስ ኦፕሬተር ነኝ፤ እሷ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሦስት ዓመት ያልሞላት መሐንዲስ። ያን ጠዋት አንድ ትልቅ የብረት ታንክ ውሃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተን ነበር። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። መለኪያው ከታሰበው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ታንኩ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። አላበጠም፣ አላቃሰተም፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። በር የሚያክል ስብርባሪ ከታንኩ ተገንጥሎ ሦስት ሰዎችን ጠርጎ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው።

አንደኛው የኡስታ ጫሲብ ታናሽ ወንድም ነበር። «ኡስታ» የምንላቸው የበያጆቹ አለቃ ስለሆኑ ነው፤ እጃቸው አካፋ የሚያክል፣ ድምፃቸው ከግቢው ጫፍ የሚሰማ ሰው። ሁላችንም ወደ በሩ ስንሮጥ ነዚሃ ወደ ውስጥ ሮጣ የወንድማቸውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ነፍሱ እስክትወጣ አልለቀቀችውም።

ከቀብር በኋላ የተሰበረውን ብረት በጭነት መኪና ሊወስዱት ሲመጡ ፊታቸው ቆመች።

«ሳላየው አይሄድም» አለች።

«ምኑን ነው የምታዪው? ብረት ነው፤ ተሰበረ» አላት የያኔው ዋና መሐንዲስ።

በጉልበቷ ተንበርክካ ስብራቱን በባትሪ እያበራች ሁለት ሰዓት ዳሰሰችው። በመጨረሻ ከብየዳው ጥግ አንድ አሮጌ ስንጥቅ አገኘች። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ኡስታ ጫሲብን ጠርታ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺ ናት?» አሉ። «ሦስት ሰው የበላችው ይቺ ናት?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ኡስታ ጫሲብ ስንጥቅ ያለበት ብረት አጠገብ አይቆሙም፤ ሰውም አያስቆሙም።

ነዚሃ፣ እኛ በአክብሮት «ሲት» የምንላት፣ አቡል ኸሲብ ከሚባል የወንዝ ዳር መንደር ናት። አባቷ የጀልባ ጠጋኝ ነበሩ። የወንዝ ዳር ሴት እንደመሆኗ ምላሷ ስለት ነው፤ ሥራ ላይ ግን ዝምተኛ። ከአደጋው በኋላ መንግሥት አንድ ዓመት እንግሊዝ አገር ልኮ አስተማራት። የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የተሰነጠቀ ብረት ስንት ይሸከማል? ተመልሳ ስትመጣ እኔ አልገባ ብሎኝ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጠየቅኳት።

«ስንጥቅ ካለ አለቀ አይደል እንዴ?»

«አቡ ሻኪር፣ አንተ የጉልበትህ ጅማት ከተበጠሰ ስንት ዓመትህ? አለቀልህ?» አለችና የሻይ ማንኪያዋን አነሳች። «ብርጭቆ ከሆነ ትንሽ ጭረት ይበቃዋል፤ ሳትዘጋጅ ይከዳሃል። ደህና ብረት ሲሞቅ ግን እንደዚያ አይደለም። የስንጥቁ ጫፍ ላይ ጭንቁ ሲበዛበት ብረቱ እዚያ ቦታ እጁን ይሰጣል፤ ይለጠጣል። ሸክሙን ግን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ጎረቤቱም ሲደክመው ለቀጣዩ። እንዲህ እያለ የቀረው የብረቱ ሥጋ በሙሉ እጅ እስኪሰጥ ይሸከምልሃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚቀበል ጎረቤት የለም። ያ ነው ወሰኑ። ከዚያ በላይ አንዲት ኪሎ ብትጨምር ብረት አይደለም፤ ሊጥ ነው።» ማንኪያዋን አጎበጠችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ሥራዬ ሁለት ጥያቄ ነው። እንደ ብርጭቆ ይሰበራል ወይ? አይሰበርም ካልክ ደግሞ ወሰኑ የት ነው? አንዱን ጠይቆ ሌላውን የረሳ ሰው ይገድላል።»

ከኢራን ጋር በተዋጋንባቸው ስምንት ዓመታት መድፍ በየሳምንቱ ይጎበኘን ነበር። ባሏ ፋው ግንባር ላይ ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም። አስከሬኑን ያመጡላት ማክሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ሥራ ገባች።

ከዚያ የዘጠና አንዱ፣ የአሜሪካኖቹ ጦርነት መጣ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ፈረቃ ስንቀያየር፣ አውሮፕላኖቹ መጡ። የመጀመሪያው ቦንብ አንደኛውን ቦይለር ከእነጣራው አነሳው። ሁለተኛው የተርባይኑን አዳራሽ መታ። እኔ ኬብል መተላለፊያ ጉድጓድ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ነበር፤ መሬቱ ከሥሬ እንደ ምንጣፍ ይራገፋል። ስወጣ ቀይ ጭቃ የረገጥኩ መሰለኝ፤ ጭቃ አልነበረም። አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ሁለቱን ለይተን ማወቅ ስላልቻልን አንድ ላይ ቀበርናቸው።

በመጋቢት ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ተኩስ ሆነ። መጀመሪያ በመንግሥት ላይ የተነሱ አመፀኞች የገዢውን ፓርቲ ሰዎች ከየቤታቸው አወጡ፤ ከዚያ ወታደሩ ተመልሶ መጣና ወጣቶችን በየግድግዳው ደረደረ። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛችንን ከአውቶብስ አውርደው መንገድ ላይ ረሸኑት፤ ሥራ ሊገባ ነበር፤ ምሳው በእጁ ነው። ይህ ሁሉ ሲያበቃ ፓርቲው አንድ ሰው ላከልን፦ ጓድ ሀዛዕ። መብራት አያውቅም፤ ሽጉጥ ያውቃል። ሲናገር ሽጉጡን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ሰው ብዕር እንደሚያስቀምጠው።

ሙቀቱ ገባ። ሆስፒታሉ ያለ መብራት፣ የውሃ ጣቢያው ያለ ፓምፕ። ሰው ከወንዙ እየቀዳ ይጠጣል፤ ወንዙ ውስጥ ደግሞ ምን እንደተጣለ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ነበር። እኛ ጋ ሊነሳ የሚችለው ሁለተኛው ቦይለር ብቻ ነው። እሱም ቁስለኛ ነው፤ ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባው ዋና ቧንቧ በቦንብ ፍንጣሪ ተልጧል። ነዚሃ በሆዷ እየተሳበች ገብታ ለካችው። ቁስሉ ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ደግሞ ስንጥቅ ወርዷል። የቧንቧው ውፍረት ሠላሳ ሚሊ ነበር፤ የቀረው ዘጠኝ።

ዳይሬክተሩ ዋሲል ቢሮ ተሰበሰብን። ዋሲል ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከሀዛዕ ጋር ሲሆን አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው።

«ቧንቧውን ቆርጣችሁ ከተመታው ቦይለር ሌላ ቀጥሉበት፤ ምን ያቅታል?» አለ ሀዛዕ።

«በምን ልበይደው?» አሉ ኡስታ ጫሲብ። «ያለን የመበየጃ ኤሌክትሮድ ውሃ የጠጣ ነው። በእሱ ብበይደው ከዚህ የባሰ ስንጥቅ ነው የምሰጥህ። ከዮርዳኖስ፣ ከዐማን የታዘዘው እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል።»

«ሁለት ወር የለም! የሐምሌው የአብዮት በዓል ደርሷል። እንዲሁ ይነሳ።»

«ወላሂ እኔ በሕይወት እያለሁ አይነሳም!» ኡስታ ጫሲብ ከወንበራቸው ተነሱ። «የተሰነጠቀ ነገር አይነካም። ወንድሜን ከግድግዳ ላይ በአካፋ ነው ያነሳሁት።»

ነዚሃ ወረቀቷን ዘረጋች። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች።

ሀዛዕ ሳቀ። «እስቲ ስሚ! ሴትዮዋ ዳኛ ሆነች።»

«ቧንቧው የሚሠራው በመቶ አርባ ባር ግፊት ነው። በዚህ ቁስል መቶ አርባ ካስገባህ ይተረተራል። ሰማንያ ካስገባህ ግን ይሸከማል። ሰማንያ ደግሞ ለሆስፒታሉና ለውሃ ጣቢያው ይበቃል። ኤሌክትሮዱ እስኪመጣ በሰማንያ እንኑር።»

«ለምን ሰማንያ? ለምን መቶ አይሆንም? የገበያ ዋጋ ነው እንዴ የምትቆርጪው?»

«ገበያ ቢሆንማ እከራከርህ ነበር። ብረቱ ነው የቆረጠው።»

ኡስታ ጫሲብ ግን ወደ እሷ ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ አንቺም? አንቺ ያንን ቀን አይተሽ?»

«አይቼ ነው፣ ኡስታ። አያምኑኝም፤ እኔም እመኑኝ አልልዎትም። አብረን እናፈንዳው።»

አደረገችውም። ከሞተው ቦይለር ተመሳሳይ ቧንቧ ሁለት ሜትር አስቆረጠች። ኡስታ ጫሲብ ራሳቸው በብረት መፋቂያው በግራይንደር ያንኑ የሚያህል ቁስል ከፈቱበት፤ ክንድ ያህል፣ ዘጠኝ ሚሊ እስኪቀር። ነዚሃ ደግሞ ሥሩን በቀጭን መጋዝ አሾለችው፤ እንደ ስንጥቅ እንዲሆን። ብየዳ ስለሌለ ሁለቱን ጫፍ በወፍራም ክዳን ዘግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በረጃጅም ብሎኖች አሰሩት። ከዚያ ቧንቧውን እንደ ቤት ግድግዳ ኖራ ቀባችው።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳት።

«ኖራ አይለጠጥም፣ አቡ ሻኪር። ብረቱ ከሥሩ ሲለጠጥ ኖራው ይረግፋል። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ መሣሪያ አያስፈልገውም።»

የአሸዋ ከረጢት ከምረን ከኋላው ተደበቅን። ከጭንቅላታችን በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «150» ብላ ጻፈች፤ ቀዝቃዛው ብረት እጅ የሚሰጥበት ቁጥር ነው ብላ። እኔና ሙንሲፍ የእጅ ፓምፑን ያዝን። ሙንሲፍ የእኔ ረዳት ነው፤ የአርባ ዓመት ሰው፣ ቀልደኛ፣ ሦስት ሴት ልጆች አሉት።

«ብሞት ለሚስቴ ንገሩልኝ» አለ እጀታውን እየተጫነ፤ «የደበቅኩት ሲጋራ ሩዝ ጆንያው ውስጥ ነው።»

መቶ ሃያ ላይ ኖራው ከቁስሉ ጫፍና ጫፍ እንደ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። መቶ አርባ ላይ በሰፊው ወደቀ፤ የቁስሉ መሐል ወፈር አለ፣ ሆዱን ነፋ አደረገ። መቶ ሃምሳ ሲደርስ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ፤ እጀታውን እንጫናለን፣ ውሃው ይገባል፣ መለኪያው ግን ንቅንቅ አይልም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ።

«ፓምፑ ተበላሸ» አለ ሙንሲፍ።

«ፓምፑ ደህና ነው» አለች ነዚሃ። «እጅ ሰጠ። የምታስገቡትን ውሃ ሆዱ እየሰፋ ነው የሚቀበለው። ዝቅ በሉ!»

መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ፈነዳ። ጆሯችን ደነቆረ፤ ውሃው ከረጢቶቹን ጠርቦ ጣራውን መታው። ስንነሳ ግን ቧንቧው እዚያው ነው። እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል፤ ከእሱ የተገነጠለ አንዲት ስባሪ የለም። ኡስታ ጫሲብ ማንንም ሳይጠብቁ ሄደው ጣታቸውን ከንፈሩ ላይ አስኬዱት። ሥጋው ተስቦ ቀጥኗል፤ ከመተርተሩ በፊት ብዙ ታግሷል።

«ወንድሜን የገደለው እንዲህ አልነበረም» አሉ በዝግታ።

«አልነበረም፣ ኡስታ።»

«ያኛው ሳያስታውቅ ነበር።» ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ሰማንያ እሺ። ከሰማንያ አንዲት ባር ካለፈ ግን እኔ ራሴ ነኝ የማጠፋው።»

ብረት ሲሞቅ ስለሚለዝብ ወሰኑ ከመቶ ሃምሳ ወርዶ ወደ መቶ ሃያ ግድም እንደሚሆን ነዚሃ በጽሑፍ አስቀመጠች፤ ሰማንያን ለሥራ፣ ከሰማንያ በላይ ክልክል። ዋሲል ፈረመ። ሀዛዕም በዓሉ እንዳያመልጠው ብሎ ፈረመ። ቧንቧውን ኖራ ቀብተን አስነሳነው። ለአሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታሉ መብራት አገኘ፤ ውሃ ጣቢያው ንጹህ ውሃ ገፋ። ነዚሃ ጠዋትና ማታ እየሄደች ኖራውን ታያለች። አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሀዛዕ መጣ። የሰልፉ ጎዳናና የፓርቲው ጽሕፈት ቤት መብራት ይፈልጋል።

«መቶ ሃያ አድርጉት።»

«አይሆንም» አለች።

«ሰማንያ ሲሸከም አላየሽም? ምን ሆነ? ምንም! እናንተ መሐንዲሶች ሁልጊዜ ትደብቃላችሁ።»

«አልደበቅኩህም። የቀረውን ለአንተ ስህተት ነው ያስቀመጥኩት።»

ሠራተኛው ሁሉ ፊት በሽጉጡ ሰደፍ ጆሮዋ ላይ መታት። ወደቀች። ተነሳች። ሁለተኛ መታት። ከአፏ ደምና ጥርስ ተፋችና «ሰማንያ» አለች። ሁለት ወታደሮች በፀጉሯ እየጎተቱ መኪና ላይ ጫኗት። ከመቶ በላይ ወንዶች ነበርን። ቆመን አየን።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የሽጉጡ አፍ ማጅራቴ ላይ ቀዝቅዞ ይሰማኛል።

«ጨምር።»

ጨመርኩ። ይህን ስናገር የሚያምርልኝ ነገር የለም። እጄ ነው የጨመረው። ሙንሲፍን ቧንቧው አጠገብ ስልክ ይዞ እንዲቆም ሀዛዕ ራሱ ልኮታል፤ «የሴትዮዋን ኖራ ጠብቅ» ብሎ እየቀለደ።

ዘጠና። ስልኩ ዝም። መቶ። «አቡ ሻኪር፣ ኖራው ጫፉ ላይ ረገፈ» አለ ሙንሲፍ።

«ኖራ ነው፣ ይርገፍ» አለ ሀዛዕ።

መቶ ስምንት። «መሐሉም ረገፈ! ወንድሜ፣ ተው!»

«ና ውጣ በለው» አልኩት ሀዛዕን። «ልመናዬ ነው፣ ይውጣ።»

«ቢወጣ እረሽነዋለሁ። ጨምር።»

መቶ አሥራ አምስት ላይ በሩን በርግደው ኡስታ ጫሲብ ገቡ። እኔን ከወንበሩ ገፍተው እጃቸውን ወደ ቀዩ ማጥፊያ ዘረጉ። ሀዛዕ ተኮሰ። ጥይቱ ዳሌያቸውን ሰብሮ ወጣ። እየወደቁ ማጥፊያውን መቱት፤ ፓምፖቹ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆሙ፤ ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው አይወርድም። በስልኩ ውስጥ የሙንሲፍን ትንፋሽ እሰማ ነበር። ከዚያ ትንፋሹን የዋጠ ድምፅ መጣ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ውስጥ ረገፉ።

ቧንቧው ልክ እንደ ፈተናው አፉን ከፈተ። ልዩነቱ ይሄኛው የፈላ ውሃ መሆኑ ነው። ከእንፋሎቱ ውስጥ ሙንሲፍን በብርድ ልብስ አውጥተነው ብርድ ልብሱን ስናነሳ ቆዳው አብሮ ተነሳ። ስድስት ሰዓት ኖረ። የሚናገረው አይሰማም ነበር፤ ግን እጄን ያዘ፤ የያዘውን እጅ እያየሁ፣ ያ እጄ ምን እንዳደረገ አውቅ ነበር።

ሀዛዕ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም።

በማግስቱ አንድ ወረቀት አመጡልኝ። «መሐንዲስ ነዚሃ መቶ ሃያ ባር ይቻላል ብላ አዝዛኛለች፤ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው» ይላል። አደጋው ሲደርስ እሷ እስር ቤት ነበረች፤ ይህን የማያውቅ የለም። ልጄን ሻኪርን በስም ጠሩልኝ፤ የት እንደሚማር፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ። ፈረምኩ። ያው ወረቀት ለሙንሲፍ ሚስት ለሰብሪያ ተነበበላት።

የበዓሉ ቀን ከተማዋ ጨለማ ነበረች። ሆስፒታሉም፣ ውሃ ጣቢያውም። ያ ሐምሌና ነሐሴ ጥላ ሥር እንኳ ሃምሳ ዲግሪ ነበር። ስንት ሕፃን እንደተቀበረ የቆጠረ የለም፤ ቀባሪዎቹ ከጠዋት እስከ ምሳ ይቆፍሩ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።

ነዚሃን አርባ አንድ ቀን ያዟት። ያስወጣት ከባግዳድ የመጣ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነው። ኤሌክትሮዱ ከዐማን ሲደርስ ጥገናውን እንዲቆጣጠር ተልኮ፣ የእሷን ጽሑፍ አነበበ፤ የፈተናውን ቧንቧ አየ፤ የፈነዳውን አየ፤ የዋሲልንና የሀዛዕን ፊርማም አየ። «ይህን የጻፈችውን ሰው ካላመጣችሁልኝ እኔ አልፈርምም» አለ። ዋሲልም፣ በዕድሜው አንዴ፣ «እኔም አልፈርምም» አለ። ያለ ፊርማ ቦይለር አይነሳም። አመጧት።

ከመኪና ስትወርድ አላወቅኳትም። የግራ ጆሮዋ አይሰማም። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ተሰብረው ጠማማ ገጥመዋል። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቧንቧው ነው። የተተረተረበትን በግራ እጇ ለካች፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ግፊት ጠየቀች።

«መቶ አሥራ ስምንት» አልኳት።

«ወሰኑ መቶ ሃያ ነበር ያልኩት» አለች። «ኤሌክትሮዱ ደረቅ ነው? አያችሁት?»

«ሲት፣ እኔ ፈርሜብሻለሁ።»

«አንብበውልኛል።»

«ሻኪርን...»

«አውቃለሁ፣ አቡ ሻኪር።» ቀና ብላ አየችኝ። «እኔም እዚያ ውስጥ የፈረምኩት ወረቀት አለ። በሠላሳኛው ቀን። ሰው እስከ ስንት እንደሚሸከም አስልቼ አላውቅም፤ አንተንም አላሰላህም። ለሰብሪያ ግን ማን ይነግራታል?»

አብረን ሄድን። ሰብሪያ በሩን ከፍታ ነዚሃን ስታይ በጥፊ መታቻት፤ በተሰበረው ጥርሷ በኩል። «የባሌን ሥጋ በልተሽ ቤቴ ትመጫለሽ?»

ነዚሃ አልተከላከለችም። እኔን ነው ያየችው።

«ቁጥሩ የእሷ አይደለም» አልኩ። «እሷ ሰማንያ ነው ያለችው፤ ስለ ሰማንያ ነው የደበደቧት። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱም ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ሦስቱ ልጆች ከኋላዋ መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል።

«ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ነበር» አለች ነዚሃ።

«የእኔ ባልስ ማጅራት?» አለች ሰብሪያ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። «በስልክ እየለመነህ አልነበረም? ሰምተኸዋል አይደል? ምን አለህ? ንገረኝ፣ ምን አለህ?»

«ወንድሜ፣ ተው አለኝ።»

ተፋችብኝ። ነዚሃን ግን እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ በሩንም እኔ ላይ ዘጋችው። ውጭ ቆሜ ሁለቱ ሲያለቅሱ ሰማሁ። እሷ ስታለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ኡስታ ጫሲብ በምርኩዝ ተደግፈው አዲሱን ቧንቧ በየዱት። ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም፤ ሲደክማቸው አሸዋው ላይ ይተኙና እንደገና ይነሳሉ። ነዚሃ በጠማማ ጣቷ መመርመሪያውን ይዛ እያንዳንዷን ስንዝር ፈተሸች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ «ኡስታ፣ ይቺን አልወደድኳትም» አለች። ሁላችንም በቁጣ ይፈነዳሉ ብለን ጠበቅን። «ካልወደድሻት ትውጣ» አሉና ፍቀው ደግመው በየዱት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሠራች። የተባበሩት መንግሥታት የጣለብን ማዕቀብ እስኪነሳ መለዋወጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከተማዋ የኖረችው በተሰነጠቀ ብረት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ ይሂድ፣ ይህ በግማሽ ይሂድ፣ ይህ ዛሬውኑ ይቁም የምትለው እሷ ነበረች። ሁለት ጊዜ «ይቁም» ስትል ሌሎች አለቆች ተቆጧት፤ በዚያች በማትሰማው ጆሮዋ በኩል እንዲናገሩ ዞራ ትቀመጥላቸውና ፈገግ ትላለች። ከሙንሲፍ ልጆች ሁለተኛዋን ምሕንድስና አስተማረቻት፤ አሁን የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት። ሀዛዕ ሌላ ከተማ ተዛውሮ፣ ኋላም መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባ አልታወቀም። ሞቷል የሚሉ አሉ፤ ጎረቤት አገር ሱቅ ከፍቷል የሚሉም አሉ።

ነዚሃ የሞተችው በልብ ሕመም ነው፤ አቡል ኸሲብ፣ አባቷ ቤት፣ በቀትር። ሬሳዋን የማመንጫው ሠራተኛ ሁሉ ተፈራርቆ ተሸከመ። እኔም ትከሻዬን አስገባሁ። ሰብሪያ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ስንመለስ መንገድ ላይ ተገጣጠምንና ሰላም አልኳት። ጥቁር ልብሷን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለፈችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታዬን አትመልስም።